ነጭ ማር፣ ደረቅ ጠጅ፦ የአማኑኤል ቅምሻ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደንበጫ የሚወስደው መንገድ በጥቅምት ቢጫ ነው። መስቀል ካለፈ በኋላም አደይ አበባው ከመንገድ ዳር ጨርሶ አልረገፈም፤ በጤፉና በስንዴው መሀል መጩ አንገቱን አውጥቷል፤ ኑግ የተዘራበት ማሳ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አብቧል። በስተቀኝ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ ደመና ተከናንቦ ይታያል። 30 ኪ.ሜ. ገደማ እንደተሄደ አማኑኤል ይደረሳል፤ የማቻከል ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የአባይን በረሃ አቋርጦ፣ ደጀንንና ሉማሜን አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚገሰግሰው መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ በመስኮት አይቷት ያልፋል።

ተጓዡ ግን የመጣው ለእሷ ነው፤ ይበልጡን ለጠጇ።

ከዚህ ቀደም በፈረንሳይ፣ በሎዋር ሸለቆ፣ የነጭ ወይን ጠጅ ቅምሻ እንዴት እንደሚካሄድ አይቷል። ጠጪዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ዝም ብለው ቆመው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ሲያነሡ፣ ሲያሸቱ፣ አፋቸው ውስጥ ሲያንከባልሉት፣ ከዚያም ወረቀት ላይ ነጥብ ሲያሰፍሩ ተመልክቷል። ያን ጊዜ የያዘው ሐሳብ አልለቀቀውም። የጎጃም ጠጅ ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን አይደረግለትም? ማር እንደ ወይን ፍሬ ሁሉ የአፈሩን፣ የዝናቡንና የወቅቱን ጠባይ ይዞ ይመጣል፤ የሚብላላው በእርሾ ነው፤ ሲደርስም ደረቅ ወይም ጣፋጭ ይሆናል። ሎዋር ላይ የሠራው ሚዛን አማኑኤል ላይ ይሠራ እንደሆነ ለማየት መጣ።

ሚዛኑ የተቀዳባትን መንደር ማወቅ ያሻል። ቩቭሬ ከቱር ከተማ በስተምሥራቅ፣ በሎዋር ወንዝ ሰሜናዊ ዳርቻ ትገኛለች። በስሟ የሚጠራው ነጭ ወይን ጠጅ ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ የትውልድ ስም አለው፤ ከተወሰነው አካባቢ ውጭ የመጣ ወይን በዚያ ስም ሊሸጥ አይችልም። የሚጠመቀው ሼነን ብላን ከሚባለው የወይን ዝርያ ነው። ጓዳዎቹ ቱፎ ከሚሉት ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ተፈልፍለው የተሠሩ በመሆናቸው ክረምት ከበጋ ቀዝቃዛ ናቸው። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ከዚያው ከአንድ ዝርያ ደረቁም፣ መካከለኛውም፣ ጣፋጩም፣ አረፋማውም መውጣቱ ነው። መከሩ ብርዳም በሆነበት ዓመት ፍሬው ኮምጠጥ ስለሚል ወደ ደረቁና ወደ አረፋማው ያደላሉ። ፀሐዩ እስከ መከር ማብቂያ በዘለቀበት ዓመት ፍሬው ግንዱ ላይ ሆኖ ስኳሩን ያከማቻል፤ ጣፋጩ የሚጠመቀው ያን ጊዜ ነው።

ጠጅ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ግር አይለውም። እዚህም «ለስላሳ ነው፣ መካከለኛ ነው ወይስ ደረቅ?» ተብሎ ይጠየቃል። ለስላሳው ገና ማሩ ያልተበላለት ነው። ደረቁ ስኳሩ ተበልቶ ያለቀለት፣ ጌሾው ጎልቶ የወጣበት ነው። መካከለኛው በሁለቱ መሀል ይቆማል። ሎዋር ላይ ሦስቱን ዓይነት የሚለየው በአመዛኙ የዓመቱ አየር ሲሆን፣ እዚህ የሚለየው የማሩ መጠንና ጋኑ ውስጥ የቆየበት ጊዜ ነው። ቀማሹ ግን በሁለቱም ቦታ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ጣፋጭነቱን የሚያስተካክልለት ኮምጣጣነት ወይም ምሬት አለው ወይ?

አማኑኤል ላይ የየዕለቱ መጠጥ ጠላና አረቄ ነው። ጠጅ የሠርግ፣ የማኅበርና የዓመት በዓል ነው። ድሮም እንዲሁ ነበር። ደብረ ማርቆስ ገና መንቆረር ትባል በነበረበት ዘመን፣ ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምን ዘውድ ሲጭኑ፣ በግብር አዳራሽ ጠጅ የሚቀዳው ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ ነበር። ከገበሬው ቀፎ የተቆረጠው ማር ለገዢው በግብርነት ይገባ ስለነበር ባለቀፎው ራሱ የማሩን ጠጅ ሳይቀምስ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ተጓዡን የተቀበሉት ባለጠጅ ለጎረቤት ሠርግና ለማኅበር ሲጠሩ የሚጥሉ ሴት ናቸው። ከቤታቸው በስተጀርባ ጌሾ ተክለዋል። እሱ እሜቴ ይላቸዋል፤ እሳቸው ልጄ ይሉታል። ሥራቸውን የሚጀምሩት ከማሩ አይደለም፤ ከጋኑ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጭሱ የተረፈውን ተሕዋስ ያዳክማል፤ ጠጁ ላይም ጠረኑን ይተዋል። አውሮፓ ውስጥ ነጭ ወይኑን በባሉጥ በርሜል የሚያቆዩት ጠማቂዎች ከእንጨቱ የሚፈልጉትን ጠረን የጎጃም ባለጠጅ ከወይራው ታገኘዋለች።

ከዚያ ማሩ ይመጣል። አንድ እጅ ማር በሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት እጅ ውኃ ይበረዛል፤ ሰሙና ቆሻሻው ይጠለላል፤ ብርዙም ተሸፍኖ ይቀመጣል። ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ መብላላት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ከብርዙ ተቀንሶ የጌሾ እንጨት ይቀቀልበታል፤ ሲበርድ ወደ ጋኑ ይመለሳል። ለጠላ ቅጠሉ፣ ለጠጅ እንጨቱ ይመረጣል። ከዚያ በየቀኑ ይማሰላል፤ ሲደርስም ይጠለላል። ቆላ ላይ በሳምንት የሚደርሰው በደጋው ብርድ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። እሜቴ ይህን አይቸኩሉበትም። ብርድ ላይ በዝግታ የተብላላው ጠጅ ሽታው እንደሚሻል ያምናሉ፤ የነጭ ወይን ጠማቂዎችም ጓዳቸውን የሚያቀዘቅዙት ለዚሁ ሲሉ ነው፤ ሙቀት ሲበዛ የአበባና የፍሬ ጠረን ቶሎ ተኖ ይጠፋል።

ብርዙ ውስጥ ማንም እርሾ አልጨመረም። የሚያብላላው ከማሩ፣ ከጌሾውና ከጋኑ የመጣው ነው፤ ከእርሾዎቹ ጋርም ወተትን የሚያኮመጥጡትን የመሰሉ ባክቴሪያዎች አብረው ይሠራሉ። ስለዚህ ሁለት ጋን አንድ ዓይነት አይወጣም። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት የጠጅ ናሙናዎችን ለክተው የአልኮል መጠናቸው ከ2.7 እስከ 21.7 በመቶ እንደሚለያይ አግኝተዋል። ፒ.ኤች. የሚባለው የኮምጣጣነት ልኬትም ከ3.07 እስከ 4.90 ይደርሳል። ነጭ ወይን ጠጅ በአመዛኙ በ3.0 እና በ3.4 መካከል ይቀመጣል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል። እነዚህ አኃዞች ለጠጅ ዳኝነት ትልቅ ነገር ይናገራሉ። ጠጅ በሚለው ስም ሥር ከቢራ የሳሳም ከተለመደው ወይን የበረታም መጠጥ ይሸጣል፤ ጠጪው ብርሌውን ሲያነሣ የትኛው እንደደረሰው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ልዩነቱ ከቦታና ከጥበብ ሲመጣ ሀብት ነው። ከግድ የለሽነት ሲመጣ ግን በጠጪው ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

ለቅምሻው አራት ብርሌ ተሰለፈ። ከእያንዳንዱ ሥር ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት ተደረገች፤ የትኛው ከየት እንደመጣ የሚያውቀው የቀዳው ልጅ ብቻ ነበር። ዳኞቹ እሜቴ ራሳቸው፣ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር፣ ከጮቄ ግርጌ ቀፎ ያላቸው ንብ አናቢና ተጓዡ ነበሩ። ነጥቡ ከ20 ነው። ልጁ እያንዳንዱን ብርሌ ከማስቀመጡ በፊት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ቀመሰ። በአገሩ ወግ ይህ ጠጁ መርዝ እንደሌለበት ማረጋገጫ ነው፤ ዛሬም ከአክብሮት ይቆጠራል። የፈረንሳይ አሳላፊ ጠርሙስ ሲከፍት ወይኑ አለመበላሸቱን ለማወቅ መጀመሪያ እንደሚቀምሰው ሁሉ፣ የልጁም ጉንጭታ ለእንግዳው የሚሰጥ ዋስትና ነው።

ስለ ብርሌው አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ለቅምሻ የሚሆነውን የወይን ብርጭቆ ቅርጽ ወስኗል፤ ከታች ሰፋ ብሎ ወደ አፉ የሚጠብ፣ ሽታውን ሰብስቦ ወደ አፍንጫ የሚልክ ነው። ብርሌ ከዚያ እጅግ ቀድሞ ይህንኑ ያደርግ ነበር። ሰፊ ሆዱ የጠጁን ጥራትና ቀለም በብርሃን ያሳያል፤ ጠባብ አንገቱ ጠረኑን ይይዛል፤ በጣት አንገቱን ሲይዙትም የእጅ ሙቀት ወደ ጠጁ አይደርስም። ችግሩ አንገቱ ከመጠን በላይ መጥበቡ ነው፤ አፍንጫ ማስገባት አይቻልም። መምህሩ መላ ነበራቸው። ብርሌውን ቀስ ብለው ካወዛወዙ በኋላ በመዳፋቸው ይከድኑታል፤ ጥቂት ቆይተው ይከፍቱና ያሸታሉ።

ቁጥር 1 ፈዛዛ ቢጫ፣ ገና ጉሽነቱ ያልለቀቀው ነበር። ሽታው የማር ብቻ ነው። አፍ ሲገባ ይጣፍጣል፤ ከዚያ በኋላ ምንም አያስከትልም። ለስላሳ ለመባል እንኳ የቸኮለ፣ ወደ ብርዝ የቀረበ። አራቱም ዳኞች ዝቅተኛ ነጥብ ሰጡት፤ እሜቴ «ይህ ለልጆች ነው» ብለው ገፋ አደረጉት።

ቁጥር 2 ከሁሉ የጠራው ነበር፤ ከብርሌው በስተኋላ የተቀመጠው ወረቀት ላይ ያለው ጽሑፍ በጠጁ ውስጥ ይነበባል። ቀለሙ ወደ ነጭ ያደላ ቢጫ ነው። መዳፉ ሲነሣ መጀመሪያ የወይራ ጭስ መጣ፣ ቀጥሎ ሰም፣ ቀጥሎ የደረቀ አበባ። አፍ ላይ ጣፋጭነት የለውም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የሎሚን ያህል ስለታም ኮምጣጣነት አለው፤ ከመሀል ምላስ ጀምሮ ጌሾው ይነሣል፤ ከተዋጠ በኋላም ምሬቱና የማሩ ጠረን ተያይዘው ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ተጓዡ ይህን ሲቀምስ ከቩቭሬ ደረቁን አስታወሰ፤ በእሱም ላይ ስኳር ሳይኖር ማር የሚያሸት ነገር አለ፤ ሼነን ብላን ሲበስል የሚሰጠው ጠረን ነው። 17 ነጥብ ጻፈ።

ቁጥር 3 ወደ ቡናማ ያደላ፣ ከቀይ ማር የተጣለ መካከለኛ ነው። ጠረኑ ከባድ፣ ጣዕሙ አፍ የሚሞላ፣ ጣፋጭነቱና ምሬቱ የተስማሙ። ቁጥር 4 ደማቅ ቢጫ፣ ከሁሉ ያማረ የሚመስል፤ ሲያሸቱት ግን ዝም ያለ፣ ሲቀምሱት ጣፍጦ ወዲያው የሚጠፋ፣ ጉሮሮ ላይ ሙቀት ብቻ የሚተው ነበር። ንብ አናቢው ሁለተኛ አልቀመሱትም። ስኳር መሆኑን ለማወቅ አንድ ጉንጭ በቂያቸው ነው።

ክርክሩ በ2 እና በ3 መካከል ሆነ። መምህሩና ንብ አናቢው 3ን አስቀደሙ። ምክንያታቸው ጠንካራ ነው፦ ጠጅ ለእንግዳ የሚቀርብ ነው፤ እንግዳ ደግሞ በኮምጣጣና በመራራ አይቀበሉትም፤ ከማሩ ጥቂት ጣፋጭነት ሊተርፍለት ይገባል። እሜቴ 2ን መረጡ። የእሳቸው መለኪያ የሚጀምረው ጠጁ ከተጠጣ በኋላ ነው፤ ጥሩ ጠጅ በማግሥቱ ራስ አያሲዝም፤ ጠጥቶ የተነሣ ሰው ማለዳ ሥራው ላይ ይገኛል። ተጓዡ በነጥቡ ጸና፤ መካከለኛው ድንቅ ቢሆንም የቀይ ማሩ ኃይል ጌሾውንም ጭሱንም ሸፍኖታል፤ ደረቁ ላይ ግን ሁሉም ነገር በየተራው ይሰማል። እሜቴ ያነሡትን መለኪያ የትኛውም የአውሮፓ የቅምሻ ወረቀት ላይ አላየውም፤ ሊኖር ግን ይገባዋል ብሎ ያምናል።

ስም ተከድኖ መቅመስ ያለው ኃይል በዓለም የታወቀው በአንድ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 1976 ስቲቨን ስፐሪየር የተባለ እንግሊዛዊ የወይን ነጋዴ ፓሪስ ላይ ፈረንሳውያን ዳኞችን ሰበሰበ። ነጭ ወይኖቹ አሥር ነበሩ፤ አራቱ ከቡርጎኝ፣ ስድስቱ ከካሊፎርኒያ፤ ሁሉም ሻርዶኔ። የቡርጎኝ ነጭ ወይን ያን ጊዜ ተወዳዳሪ ሊኖረው ይችላል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም። ዳኞቹ ስሙን ሳያዩ ከ20 ነጥብ ሰጡ። ሲደመር አንደኛ የወጣው የ1973ቱ ሻቶ ሞንተሌና ሆነ፤ ከካሊፎርኒያ፣ ክሮኤሺያ ተወልዶ ባደገው በማይክ ግርጊች እጅ የተጠመቀ። የቡርጎኙ መርሶ ሻርም ሁለተኛ ሆነ። ከዚያ ቀን በኋላ «ጥሩ ነጭ ወይን ከዚህ ብቻ ነው የሚመጣው» ማለት ከባድ ሆነ።

አገር ውስጥም የወይን ነገር እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያኗ ቅዱስ ቁርባን የሚዘጋጀው ከዘቢብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ ለቅዳሴ እንደሚቀርብ ጽፏል። ዛሬ ዝዋይ አጠገብ የፈረንሳዩ ካስቴል ሻርዶኔን ጨምሮ የአውሮፓ ዝርያዎችን ተክሎ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ጠርሙሶቹን ገበያ ላይ አውሏል፤ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ክሪስታልም የብዙ ቤት ነጭ ወይን ሆኖ ኖሯል። ሁለቱም ጠርሙስ ላይ ስምና የአልኮል መጠን ይነበባል። ጠጅ ግን በቢጫ ጀሪካን ይሄዳል።

በማግሥቱ ተጓዡ ከንብ አናቢው ጋር ወደ ጮቄ ግርጌ ወጣ። ያለ ቀፎው የሚደረግ የጠጅ ዳኝነት ጎደሎ ነው። አያ ይላቸዋል፤ እሳቸውም በመንገድ ሁሉ አበባ እያሳዩት ተጓዙ። ጓሮ ላይ ከቀርከሃ ተጎንጉኖ በእበት የተለሰነ ቀፎ ተንጠልጥሏል፤ ከጎኑ ሁለት ዘመናዊ ቀፎዎች ቆመዋል። ዋናው የማር ቆረጣ ክረምቱ ወጥቶ አደዩና መጩ ካበቡ በኋላ፣ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ነው። ከዚያ በኋላ የባሕር ዛፍ፣ የብሳና፣ የግራዋና የሌሎች ዛፎች አበባ እንደየቦታው ይከተላል፤ ደጋው ላይ ለአረቄ የሚዘራው ግብጦም ሲያብብ ንብ አይለየውም። አያ የግንቦቱን ማር ከኅዳሩ በሽታ ይለዩታል። የኅዳሩ ብሩህና ቀላል ነው፤ የግንቦቱ ጠቆር ይላል፣ ይከብዳል። ሁለቱን የቀላቀለ ነጋዴ ሁለቱንም እንዳበላሸ ይቆጥሩታል።

ይህ እውቀት በመጽሐፍም አለ። ሆለታ ካለው የንብ ምርምር ማዕከል ጋር የተያያዘው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው የራይንሃርድ ፊክትልና የአድማሱ አዲ ሥራ የኢትዮጵያን የንብ ዕፀዋት በስዕልና በገለጻ መዝግቧል። ጉድለቱ ይህ እውቀት ወደ ጠጅ ጋን አለመድረሱ ነው። ማሩ ከቀፎው ሲወጣ ከየትኛው አበባ እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ ገበያ ላይ ሲደርስ ግን የአምስት ቀበሌ ማር በአንድ በርሚል ይገባል፤ ጠጅ የሚጥሉት እጆች የሚደርሳቸው ሰምና እጭ ያለበት፣ ዕድሜውም ትውልዱም የማይታወቅ ማር ነው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ ናት፤ አብዛኛው ማሯም ወደ ጠጅ ይሄዳል። ከጠጅ ተጣርቶ የሚቀረው ሰፈፍ እንኳ ተሰብስቦ፣ ተነጥሮ፣ ሰም ሆኖ ወደ ውጭ ይላካል። የቀረው ጠጁ ብቻ ነው፤ ከየት እንደመጣ የሚነገርለት አላገኘም።

ከመንገዱ በላይ ባለው ስንዴ ማሳ አጠገብ አያ ቆሙ። ማሳው ንጹሕ ነው፤ አንድም ቢጫ አበባ የለበትም። ሰፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች የሚያጠፋው 2፣4-ዲ ተረጭቶበታል። ለገበሬው መጭ አረም ነው፤ ስንዴውን ይሻማዋል፤ ጉልበትና ጊዜ ያስከፍለዋል። ለንቧ ግን የኅዳሩ ማር እሱው ነው። ይህን ከባድ ጉዳይ አንዱን ወገን በመውቀስ መፍታት አይቻልም፤ ገበሬው እህሉን ማዳን አለበት። ሆኖም በአበባ ሰዓት ባይረጭ፣ ሲረጭም ንቧ ወደ ቀፎዋ በገባችበት ምሽት ቢሆን፣ የማሳው ዳርና ድንበሩ ቢተውላት ብዙ ይተርፋል። የእሜቴ ጠጅ በሆነው በቁጥር 2 ላይ የነበረው የደረቀ አበባ ጠረን ከማሳ ዳር ከበቀለ አረም የመጣ ነው። መጩ ሲጠፋ እሱም ይጠፋል፤ እሜቴ የቱንም ያህል ቢጠነቀቁ ሊመልሱት አይችሉም።

ሌላው ጠላት ስኳር ነው። ማር ሲወደድ ከፊሉን በስኳር መተካት፣ የጎደለውን ቢጫነትም በምግብ ቀለም መሙላት በከተማ ጠጅ ቤቶች የታወቀ ነገር ሆኗል። ለጠጪው ኪስ የሚረክስ መጠጥ ማቅረብ በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ማር ያልሆነውን ማር ነው ብሎ መሸጥ ነው። ስኳሩ አልኮል ይሰጣል። የአበባ ጠረን፣ ሰም፣ ከማሩ የሚመጣው ኮምጣጣነት ግን ከስኳር አይገኝም፤ ቁጥር 4 በዓይን ደምቆ በአፍንጫ ዝም ያለው ለዚህ ነው። ስም ተከድኖ የሚደረግ ቅምሻ ቢለመድ ይህን ያለ ላቦራቶሪ ያጋልጠዋል።

ለቦታ ስም ሕጋዊ ዋጋ መስጠት በአፍሪካ ማርም ላይ ተሞክሯል። የካሜሩን የኦኩ ተራራ ነጭ ማር እ.ኤ.አ. በ2013 በትውልድ ቦታ ስሙ ተመዝግቦ ጥበቃ አግኝቷል። እዚሁ አገር የወንጪ ማር በስሎው ፉድ ድርጅት ጥበቃ ከሚደረግላቸው ባህላዊ ምግቦች አንዱ ነው። ስለ ሲዳሞ፣ ስለ ይርጋ ጨፌና ስለ ሐረር ቡና ስሞች የተደረገው ክርክርም እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ጋር በስምምነት ሲቋጭ ስም ራሱ ሀብት መሆኑን ኢትዮጵያውያን በተግባር አይተዋል። የጮቄ ግርጌ የኅዳር ማር፣ ከእሱም የተጣለ ደረቅ ጠጅ፣ እንዲህ ያለ ስም የሚገባው ይመስላል። ከስሙ በፊት ግን መዝገብ ያስፈልጋል፤ ማሩ መቼ ተቆረጠ፣ ከየትኛው ቀበሌ፣ በስንት እጅ ውኃ ተበረዘ፣ ጌሾው መቼ ገባ፣ ጠጁ በስንት ቀን ጠለለ። ቩቭሬ ላይ ጠማቂው ይህን ሁሉ በደብተር ይይዛል፤ እሜቴ በጭንቅላታቸው ይዘውታል።

መምህሩ ደብተር አመጡ። በገጹ አናት ላይ «የቅምሻ መዝገብ» ብለው ጻፉና የአራቱን ብርሌ ነጥብ አሰፈሩ፤ ከሥሩም እሜቴ እየነገሯቸው የ2ን አሠራር ከጋኑ አጠባ ጀምሮ መዘገቡ። ከዚያ ስምምነት ተደረገ። አያ በኅዳር ሲቆርጡ የጮቄውን ማር ለብቻ ያቆዩታል፤ አንድ ዘመዳቸው ከቆላው ወገን ያመጣሉ። እሜቴ ሁለቱን በሁለት ጋን በአንድ ቀን ይጥላሉ፤ ውኃው ከአንድ ምንጭ፣ ጌሾው ከአንድ ጓሮ፣ የማሩም መጠን እኩል ይሆናል። ለገና ሲደርሱ ቁጥር ብቻ ተሰጥቷቸው ይቀዳሉ። ተጓዡ ለዳኝነቱ ከደብረ ማርቆስ ሁለት ሰው ይዞ ሊመጣ ቃል ገባ፤ አንዱ ጠጅ የሚወድ፣ ሌላው ወይን እንጂ ጠጅ አልጠጣም የሚል እንዲሆን እሜቴ ጠየቁ።